ድንቢጥ የዳነችባቸው አምስት ሳምንታት

የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ በጎኗ እንደ ተኛች ሞታ ተገኘች። ጉልበቶቿ አብጠዋል፤ ክንዶቿ ግን የአምስት ዓመት ሕፃን ክንድ ያህላሉ። ቤተሰቡ «ድንቢጥ» እያለ ይጠራት የነበረው ለቁልምጫ ብቻ አልነበረም።

ፖሊስ የጠራው ዳቦ ጋጋሪው አባቷ ነው። «ሚስቴ ልጄን ገደለቻት» አለ በስልክ። ሚስቱ ለድንቢጥ የእንጀራ እናት ናት፤ ይህን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ፍርዱን እዚያው ጨረሰ።

የተላከችው መርማሪ በሥራ ባልደረቦቿ ዘንድ ወንፊት ትባላለች። የነገሯትን ሁሉ ሳትነፋ ስለማትቀበል ነው። ትራሱን ስታነሣ ከሥሩ ጠጠር የምታህል የደረቀች ድብልብል ነገር አገኘችና በፖስታ አድርጋ ኪሷ ከተተች። ወዲያው አለቃዋ ደወለ።

«የአባት ክስ አለ፣ ‹ስንዴ ስትበላ ኖራለች› የሚል የሐኪም ወረቀት አለ። እስከ ስድስት ሰዓት ሌላ ነገር ካላገኘሽ ሴትዮዋን ይዘሽ ነይ» አላት።

ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ወንፊት መጀመሪያ ወረቀቱን የጻፈውን የልጆች ሐኪም አነጋገረች። ሳሎን ጥግ ተቀምጦ ቦርሳውን ታቅፏል።

«ሕመሟ የመገጣጠሚያ አልነበረም እንዴ?»

«ሁለት ነበሩባት። ሰውነት በገዛ ራሱ ላይ ከተነሣ አንድ ቦታ ላይ ላያቆም ይችላል። መገጣጠሚያቸውን የሚያማቸው ልጆች ይሄኛውም ከሌሎች ልጆች ይልቅ ይይዛቸዋል። ደሟን የመረመርኩት ለዚያ ነው፤ ከስምንት ወር በፊት ተገኘባት። ስንዴና ገብስ አንጀቷን ያቆስሉታል። የበላችው ሁሉ ሳይጠቅማት ያልፋል።»

«ምን ያህል ስንዴ?»

«በየቀኑ ከሆነ ፍርፋሪ ይበቃል። ቤተሰቡን አስጠንቅቄያለሁ። የመጨረሻው የደም ምርመራ ግን ስንዴ እንዳልቀረባት ያሳያል።» ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰሞኑን ተቅማጡ ሲብስባት የመገጣጠሚያዋ ክኒን ጠባይ ነው ብዬ አሰብኩ። የሰውነቷ ውሃና ጨው ተሟጦ ልቧ ነው የቆመው። ዛሬ ጠዋት ሆስፒታል ልትገባ ነበር።»

«ክኒኑን ቀንሰውላት ነበር?»

«ጉልበቷ ስላበጠ ጨመርኩላት። ከሁለት ወር ወዲህ በቀን በአንዱ ፈንታ ሦስት።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ አለች ወንፊት በሆዷ።

የአባትየው ታላቅ እህት ግን ሳይጠይቋት ነበር የጀመረችው። የምትኖረው ፎቅ ላይ ነው፤ ከወንድሟ ሚስት ጋር እሳትና ጭድ ናቸው።

«ልጅቷን በረኀብ ነው የጨረሰቻት! ሩዝ፣ ድንች፣ ደግሞ ሩዝ! የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ዳቦ አማራት ቢባል ማን ያምናል?»

«እርስዎስ አንዳንዴ አላቀመሷትም?»

አክስትየው አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። «ለልደቷ አንዲት ብስኩት። ሌሊቱን ስታስመልስ አደረች። ከዚያ ወዲህ ከነካኋት እጄን ይቁረጠው! እኔ እኮ ልጅ የለኝም፤ ያለችኝ እሷ ነበረች።»

ወንፊት አመነቻት። የምትዋሽ ሰው ብስኩቷንም ትደብቅ ነበር።

ወጥ ቤቱ ሌላ ታሪክ ነገራት። ለድንቢጥ የተለየ ድስት፣ እጀታቸው ላይ ቀይ ክር የታሰረባቸው ማንኪያዎች፣ ክዳኑ በፕላስተር የታሸገ የሩዝ ዱቄት። ሊገድል ያሰበ ሰው ይህን ያህል አይደክምም፤ ወይም ደግሞ ተንኮሉን ለመሸፈን ከዚህ በላይ ይደክማል። እንጀራ እናትየዋ ምድጃው አጠገብ ቆማለች። ዓይኗ አልቅሶ ደርቋል።

«ይያዙኝና ይገላግሉኝ» አለች። «ሐኪሙ ስንዴ እየበላች ነው ካለ ቆይቷል። የማበስለው እኔ ነኝ። ማንን ልበል?»

«ይሄ ደብተር ምንድን ነው?»

«የሷ ነው። ክብደቷን፣ ሆዷ ስንት ጊዜ እንደሄደ እጽፋለሁ።»

ወንፊት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ቁጥሮቹን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ወራቱ ሁሉ ቁልቁል ይወርዳሉ። መሐል ላይ ግን አምስት ሳምንታት ሽቅብ ይወጣሉ፤ ልጅቷ ሁለት ኪሎ ጨምራለች፣ ተቅማጡም ቆሟል። አንዱ ገጽ ላይ «ዛሬ ደረጃውን ብቻዋን ወረደች» ተብሎ ተጽፏል።

«እዚህ ጋ ምን ትሰጫት ነበር?»

«ያንኑ ሩዝ። ያንኑ ድንች። እኔም አልገባኝም።»

«ታዲያ ቤቱ ውስጥ ምን ተለወጠ?»

«አባቷ አልነበረም። እጁን ምድጃ አቃጥሎት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር።»

«ክኒኗን ማን ሰጣት?»

«እኔ። ጨፍልቄ በማር። ሌላ ጊዜ የሚሰጣት እሱ ነው፤ ንጋት ላይ ከሥራ ሲመለስ በሩን ዘግቶ። ‹ይቺ ሰዓት የኔና የልጄ ናት፣ አንቺ አትግቢ› ይለኛል።»

ወንፊት ደብተሩን ዘጋች። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ሥሩን ስታገኘው ግን ደስ አላላትም፤ እንዲያውም ባላገኘችው ብላ ተመኘች።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሩብ ጉዳይ ሲሆን አራቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። አባትየው ጠባሳ ባለበት መዳፉ ፊቱን ያሻል።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ውሰጃት!» አለ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ዱቄት በልብስዎ ይዘው ልጅቷ ክፍል ይገቡ ነበር?»

«እኔ? ገላዬን ታጥቤ፣ ልብሴን ቀይሬ ነው የምገባው! ከታመመች ወዲህ እዚህ ቤት ዳቦ አላስገባሁም።»

«እንዲያ ነው። ወጥ ቤቱንም አይቻለሁ፣ ንጹሕ ነው። አክስትየው ከብስኩቷ ወዲህ ፈርተዋል። ስለዚህ ስንዴው በምግብ በኩል አልመጣም።» ወደ ሐኪሙ ዞረች። «ዶክተር፣ ምን እንደምትበላ ጠይቀዋል። ክኒኑን በምን እንደምትውጥ ጠይቀው ያውቃሉ?»

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። አልጠየቀም።

«ድንቢጥ የተሻላት አባቷ ሆስፒታል በተኙበት አምስት ሳምንት ብቻ ነው። ያኔ ክኒኑን በማር ወሰደች። አባቷ ሲመለሱ ሕመሙ ተመለሰ። ክኒኑ ሦስት ሲሆን ሕመሙም ባሰ። ጉልበቷ ባበጠ ቁጥር ክኒን፣ ክኒን በጨመረ ቁጥር ደግሞ...»

ፖስታውን ከፍታ የደረቀችውን ድብልብል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በጥፍሯ ከፈለቻት። ውስጧ ነጭ ክኒን ነበር፤ ዙሪያዋ የተድቦለቦለ የዳቦ ልብ።

«ይቺን ሳትውጣት ትራሷ ሥር ደብቃለች» አለች ወንፊት። «ሌሎቹን ውጣለች።»

አባትየው ተነሣ።

«ዳቦ አላበላኋትም!» ብሎ ጮኸ። «መድኃኒት ነው የሰጠኋት! ይመርራታል፣ ታለቅሳለች፤ ከምድጃ የወጣውን ለስላሳውን መርጬ፣ በኪሴ ይዤ... ይቺን ታክል! ይቺ ደግሞ ዳቦ ትባላለች?»

ጣቶቹን አጋጥሞ አሳያት። በጣቶቹ መሐል ያለው ክፍተት የምስር ፍሬ አያሳልፍም። ወንፊት «አትባልም» ልትለው ፈለገች። ነገር ግን ይህን ያለች እንደሆነ ሚስቱ ታሥራ ልትሄድ ነው።

«ትባላለች» አለችው። «ከአምስቱ ሳምንት በቀር በየቀኑ፣ ለስምንት ወር። ክፋት አላሰቡም፤ እንደዚያ ብዬ ነው የምጽፈው። ማንንም ይዤ አልሄድም።»

አባትየው ቁጭ አለ። አክስትየው ለመጀመሪያ ጊዜ የወንድሟን ሚስት ቀና ብላ አየቻት፤ ማየቱ ግን አልሆነላትም፣ ዓይኗን መለሰች። ሐኪሙ ተነሥቶ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ይቅር በይኝ» አለ ዳቦ ጋጋሪው ለሚስቱ። «እወዳት ነበር እኮ።»

«እሱን ማን ካደህ?» አለች። «እኔም እወዳት ነበር፤ እኔን ግን ካድከኝ። ልጄ ገና ሳትቀዘቅዝ ነው ስልክ ያነሣኸው። አንድ ቀን በሩን ከፍተህ ብታስገባኝ ኖሮ እጅህ ላይ ያለውን አየው ነበር።»

«ምን ላድርግልሽ?»

«ምንም። ልጄን አብሬህ እቀብራለሁ። ከቀብር ግን ወደዚህ ቤት አልመለስም።»