የወይዘሮ አስካለ ማርያም የጠፍር አልጋ

የዚያ ዓመት ክረምት ለፍኖተ ሰላም ሰው አላዘነም። በሐምሌ አንድ ቀን ውዳሴ ከቡሬ በሚመለስ ሚኒባስ ውስጥ ትልቅ ጥቅል ላስቲክ አቅፋ ተቀመጠች። አጠገቧ ያለው ወጣት ጥቅሉ ጎኑን ሲወጋው ጥቂት ራቅ አለ፤ በኋላ ግን አላስቻለውም።

«እህቴ፣ ይኼ ሁሉ ላስቲክ ለምንድነው?»

«ለአልጋ።»

«አልጋችሁ ውጭ ነው እንዴ የሚያድረው?»

ሳቋ አመለጣት። አልጋው የእናቷ የወይዘሮ አስካለ ማርያም ነው፤ የተዳሩበት፣ ከዋንዛ የተሠራ፣ መተኛው በበሬ ቆዳ ጠፍር የተወጠረ የድሮ አልጋ። ለልጃቸው ሰርግ ብለው አስቀምጠውታል። አሁን ግን እግሩ ሻጋታ አወጣ፤ ጠፍሩም እርጥበት ጠጥቶ ረገበ።

ወጣቱ ይታገሱ ይባላል፤ ቡሬ የእህል መጋዘን ውስጥ ይሠራል።

«በላስቲክ የታፈነ በቆሎ ወዲያው ነው የሚሻግተው» አላት።

«አልጋችን በቆሎ ሆነ ማለት ነው?»

«እርጥበት ምን ስም ያውቃል!»

ፍኖተ ሰላም ሲደርሱ ስልክ ተለዋወጡ። ለአልጋው ነው፤ እንዲያ ነው የተባባሉት።

ነሐሴን ሙሉ ስለ ሻጋታ አወሩ። ከግድግዳው አርቂው፣ ከእግሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጊበት፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው ይላታል፤ ታደርጋለች። ሻጋታው ሲያልቅባቸው ስለ ሌላ ነገር አወሩ፤ እሱ ሳያልቅ መስከረም ጠባ። ወዳዋለች። እሱም ወዷታል። አፍ አውጥቶ ለመናገር ግን ሁለቱም ፈሪ ሆኑ።

«ፀሐይ ወጥቷል፤ አውጥተሽ አስጪው» አላት አንድ ቀን።

እናቷ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጎረቤት ጠርታ አልጋውን ግቢ አወጣችው። እርጥብ ጠፍር የመስከረም ፀሐይ ሲያገኘው ምን እንደሚሆን የበቆሎ ሰው ከየት ይወቅ! ቆዳው እየደረቀ ተኮማተረ፤ የጎኑን እንጨት ስቦ ስቦ ጧ አደረገው። ልክ በዚያች ቅጽበት ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን እንዳጣፉ በር ላይ ደረሱ።

«ማነው ፀሐይ ላይ አውጪው ያለሽ?»

በእነሱ ቤት እናት አንቱ ነው የሚባሉት።

«እማዬ፣ ይታገሱ!» አለች ውዳሴ፤ እየለመነቻቸው።

«ታገስኩ። ማነው?»

«ይታገሱ ነው የምልዎት!»

«ታግሻለሁ አልኩሽ እኮ! ስሙን ጥሪልኝ!»

«ስሙ ነው!» አመለጣት።

ወይዘሮ አስካለ አፋቸውን ያዙ። «ስሙን ያወጡለት እኔን እንዲለምን ነው? በይ፣ ይኼ ሰው በዚህ ደጅ እንዳይዞር! አልጋዬን የሰበረ ልጄንም ይሰብርብኛል።»

ውዳሴ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። አልጋው ይጠገናል፤ እናቷ እምቢ ካሉ ግን እምቢ ነው። እሷ ደግሞ እናቷን አስቀይማ የምታገባ ልጅ አይደለችም።

እሁድ ይታገሱ ራሱ መጣ። በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ቆመ።

«እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳላውቅ አዘዝኩ። ልጅዎን አይቆጧት፤ እኔን ይቆጡኝ።»

«ተቆጥቼ ጨርሻለሁ። ከቻልክ ጠግነውና መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ።»

አልጋው ያለበት ክፍል ገባ። ጨለማ ነው፤ ሽታው አፍንጫ ይይዛል።

«እማማ፣ ይኼ መስኮት ከተከፈተ ስንት ጊዜው ነው?»

ውዳሴ ወደ እናቷ ዞረች። አባቷ አቶ ገብረሰንበት በዚያ አልጋ ላይ ካረፉ ወዲህ እናቷ መስኮቱን አስነክተው አያውቁም። እሳቸውም የሚያድሩት ሳሎን መደብ ላይ ነው። ይኼንን ፊት ለፊት የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ይታገሱ ፊታቸውን አይቶ ነገሩ ገባው። «ይቅርታ እማማ» ብሎ አንገቱን ደፋ።

ወይዘሮ አስካለ ራሳቸው ሄደው መስኮቱን ገፉት። እንጨቱ በእርጥበት አብጦ እምቢ አለ።

«ምን ታዩኛላችሁ? ግፉልኝ እንጂ!» አሉ። ሦስቱም ገፍተው ከፈቱት።

የተሰነጠቀው እንጨት ተጣብቆ ታሰረ። ጠፍሩ ተፈቶ እንደገና ተነከረ፤ በጥላ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ደግሞ እንደ አዲስ ተወጠረ። ውዳሴ በዚህ ጫፍ፣ ይታገሱ በዚያ ጫፍ ሆነው ሲስቡ ዓይን ለዓይን ገጠሙ፤ ማናቸውም ቀድመው ዓይናቸውን አልሰበሩም። ወይዘሮ አስካለ እያዩ እንዳላዩ ሆኑ።

በጥር ሽማግሌ መጣ። ሽማግሌዎቹም እንደ ወጉ፣ ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ።

«ተቀመጡ። ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «አልጋውን ግን አልሰጥም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አልጋው ለሰርጓ መሆኑን ያልሰማ አልነበረም።

«ምነው አስካለ? ልጁ ጠግኖት የለም ወይ?»

«ጠግኖታል፤ እጁ ይባረክ። እነሱ አዲስ ይግዙ። ትናንት ገብቼ ተኛሁበት፤ የገብረሰንበትን ጎን ትቼ በእኔ በኩል። እሱ ካረፈ ወዲህ እንቅልፍ የወሰደኝ ገና ትናንት ነው።»

ጓዳ ሆና የምታዳምጠው ውዳሴ እልል ልትል አፏን ከፍታ አለቀሰች።