ዕድሜ የበላው ክር

የመጀመሪያው የእንጨት የክር ማጠንጠኛ ደረጃውን እየነጠረ ወርዶ ቀጭኔ እግር ሥር ቆመ። ሁለተኛው ተከተለ፤ ሦስተኛውም።

ቀጭኔ ቁመቷ ያተረፈላት ቅጽል ስም ነው። ማጠንጠኛዎቹን ወዲያው አወቀቻቸው። ከሟች አያቷ ሳጥን አውጥታ፣ ቀለም ቀብታ፣ እዚያው በነበረ አሮጌ ክር ሰክታ ለጎረቤታቸው ሕፃን መጫወቻ ያደረገቻቸው ትናንት ነው።

«መጫወቻሽ ተበጠሰ እኮ!» የሕፃኑ እናት፣ ነርሷ፣ ከላይኛው ፎቅ ሳቀች። «ገና አንዴ ሳብ ቢያደርገው! ጉልበተኛ ነው የወለድኩት!»

ቀጭኔ ክው አለች። የሕፃኑን ማዘያ የሰፋችውም በዚያው ክር ነው።

ልብስ ሰፊዋ እናቷ ለብቻዋ ሥራ ስታምናት የመጀመሪያዋ ነበር። «ማንገቻውን በአዲሱ ወፍራም ክር፣ ሦስት ጊዜ እየተመላለስሽ» ብላታለች። አዲሱን ክር ግን ቀጭኔ ለገዛ ቦርሳዋ ጨርሳው ነበር። የአያቷ ክር ቀለሙ ቁርጥ እሱን ስለሆነ፣ ማን ያውቅብኛል ብላ ሰፋችበት። እናቷ ስትጠይቃትም ዓይኗን በጨው አጥባ «በአዲሱ ነው» አለች።

ሮጣ ቤት ገባች። ከሳጥኑ ክር አንድ ክንድ ያህል መዝዛ ሳብ አደረገችው። ጠቅ! ደግማ ሳበች። ጠቅ! ላዩ ያብረቀርቃል፤ ጉልበት የሚባል ግን የለውም።

«ተይው እሱን» አለች እናቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል። «ዕድሜ የበላው ክር ቁልፍ እንኳ አይዝም።»

ከላይ በር ተዘጋ። ነርሷ ልጇን አዝላ ልታስከትበው መውረድ ጀመረች። ጫማዋ በሲሚንቶው ደረጃ ላይ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል።

ብትናገር እናቷ ዳግመኛ መርፌ አታስነካትም። ምናልባት እኮ ማዘያው ዛሬን ይችል ይሆናል። ጫማው እየቀረበ መጣ። ሕፃኑ ከነርሷ ጀርባ ላይ ይፍለቀለቃል፤ ሲፍለቀለቅ ደግሞ ይወራጫል።

«እማ፣ ዋሽቼሻለሁ» አለች ቀጭኔ።

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። እሷ ግን መልስ አልጠበቀችም፤ በሩን በርግዳ ወደ ላይ ሮጠች።

«እትዬ፣ ባሉበት ይቁሙ! እንዳይንቀሳቀሱ!»

«እንዴ! ምን ሆነሻል ልጄ?»

ቀጭኔ ከኋላዋ ዞራ ሁለት እጆቿን ከሕፃኑ ሥር አስገባች። ከማንገቻው አንድ ስፌት ጠቅ ሲል ሰማችው።

«ቀስ ብለው ይፍቱት፣ ይዤዋለሁ» አለች። እናቷ ደረጃው ግርጌ ቆማ ወደ ላይ ታያለች። ቀጭኔ ዓይኗን አላሸሸችም። «በአሮጌው ክር ነው የሰፋሁት። አውቄ ነው።»