ሻርክ ወተት የለውም

«ቁጥር ዐሥራ ሰባት» አለ የሳይንስ መምህሩ፣ የመልሱን ወረቀት ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ። «ነጩ ሻርክ ከየትኛው የእንስሳት ክፍል ይመደባል? መልሱ ‹ለ› ነው። አጥቢ። ‹ለ› ያለ ራይት፣ ሌላ ያለ ኤክስ።»

ሻርኪቱ ቀዩን እስክሪብቶ እንደጨበጠች ደርቃ ቀረች። ፊቷ የተዘረጋው ፈተና የራሷ አይደለም። በዚህ መምህር ክፍል ፈተና የሚታረመው ከጎን ከተቀመጠ ልጅ ጋር ወረቀት ተለዋውጦ ነው፤ እሱ መልስ ያነባል፣ ስልሳ ሁለቱ ተማሪ ያርማል፣ እሱም ስልሳ ሁለት ወረቀት ከማረም ይገላገላል። ሻርኪቱ እጅ የገባው የጭምቷ ወረቀት ነበር። ጭምቷ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ አጠገቧ የምትቀመጥ የልብ ጓደኛዋ ናት። ድምጿ የሚሰማው የስም መጥሪያው ሲነበብ ብቻ ስለሆነ ቅጽል ስሙን ያወጣላት ክፍሉ ነው። በወረቀቷ ላይ ከዐሥራ ሰባት ቁጥር ጎን ጥርት ያለች «ሀ» ተጽፋለች። «ሀ» ማለት ዓሣ ነው።

ትክክል ነበረች። ሻርኪቱ ይህን ከክፍሉ ሰው ሁሉ፣ መምህሩን ጨምሮ፣ አብልጣ ታውቃለች። «ሻርኪቱ» ያስባላትም ይኸው ዕውቀቷ ነው።

«አንቺ፣ እዚያ ጋ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ልቀጥል ነው እኮ» አለ መምህሩ።

ኤክስ አደረገች። ንዴቷ እጇ ላይ ስለነበር ወረቀቱ ሊቀደድ ምንም አልቀረው።

ቀና ስትል ጭምቷ እያየቻት ነው። ጭምቷም በተራዋ የሻርኪቱን ወረቀት ይዛ፣ ጣቷን ዐሥራ ሰባት ቁጥር ላይ አሳርፋለች። እዚያ የተጻፈው «ለ» ነበር። ዐይኗን ከሻርኪቱ ፊት ሳትነቅል ትንሽ ቆየችና ራይት አደረገች፤ ሦስት መስመር የሚያቋርጥ ትልቅ ራይት።

ነገሩ የተበላሸው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። መምህሩ «ዓሣ እንቁላል ይጥላል፣ አጥቢ ይወልዳል፤ ሻርክ ይወልዳል፣ ስለዚህ ሻርክ አጥቢ ነው» ብሎ ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ ሻርኪቱ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሻርክ ዓሣ ነው» ከማለቷ ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መምህሩም «የኔ እመቤት፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን ጻፊ» ብሎ አስቀመጣት። በዚያን ቀን ወደ ቤት ሲሄዱ ደሟ ፈልቶ ለጭምቷ ያላለቻት ነገር አልነበረም። «እኔ ሞቼ ነው አጥቢ ብዬ የምጽፈው» አለቻት። ይህንንም በየቀኑ ደጋገመችው።

ፈተናው ላይ ግን ጥያቄዎቹን ስትቆጥር አምስቱ አጠራጠሯት። ከሃምሳ አርባ አምስት ያመጣ ተማሪ በትልቁ ከተማ ያለውን የተፈጥሮ ሙዚየም ለማየት ይሄዳል። እዚያ ደግሞ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የነጭ ሻርክ መንጋጋ አለ፤ ሙሉ መንጋጋ፣ ከነጥርሱ። ባሕር ከነሱ ከተማ የሁለት ቀን የመኪና መንገድ ነው። በከተማዋ ካለው ውሃ ሁሉ ትልቁ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ ገንዳ ነው፣ እሱም ግማሹን ዓመት ባዶ ነው። ለሻርክ ከዚያ መንጋጋ የበለጠ ልትቀርብ የምትችልበት መንገድ የላትም። ስለዚህ እስክሪብቶዋን አንስታ «ለ» ብላ ጻፈች።

ውጤቱ ተደመረ። ሻርኪቱ አርባ አምስት፣ ጭምቷ አርባ አራት። መምህሩ ወረቀቶቹን ሰበሰበና የተጓዦቹን ዝርዝር ነገ ከአራተኛው ክፍለ ጊዜ በፊት ለርዕሰ መምህሯ እንደሚያስገባ ተናገረ።

በእረፍት ሰዓት ጭምቷ ወደ ቧንቧው በፍጥነት ስትራመድ ሻርኪቱ ከኋላዋ ሮጠች።

«ቆይ፣ ላስረዳሽ።»

«አስረጂኝ» አለች ጭምቷ፣ ዞር ብላ።

«አምስት ጥያቄ አጠራጥሮኝ ነበር። አንድ ተጨማሪ ከሳትኩ ጉዞው...»

«ጉዞውን ተዪው። መንጋጋሽን ለማየት ብለሽ ነው፣ ገብቶኛል፣ ደደብ አይደለሁም። እኔን ለምን አልነገርሽኝም?»

«እዚያው ፈተናው ላይ ነው የወሰንኩት። እንዴት አድርጌ ልንገርሽ?»

«ሦስት ሳምንት ጆሮዬን በልተሽዋል!» የጭምቷ ድምፅ ግቢውን አናጋው። ቧንቧው ጋ የተሰለፉት ልጆች ጠርሙሳቸውን እንደያዙ ዞሩ። «እኔ ሻርክ ምኔ ነው? ዓሣ ሆነ ዝሆን ሆነ ምን አገባኝ? ደብተሬ ላይ አጥቢ ይላል፤ አጥቢ ብዬ እገላገል ነበር። አንቺን አምኜ ነው የጻፍኩት። ከዚያ ደግሞ በገዛ እጅሽ ኤክስ አደረግሽብኝ።»

«መልሱን ያነበበው እሱ ነው!»

«ኤክሱን ያደረግሽው አንቺ ነሽ።»

ከሰልፉ መሐል ራዲዮ አንገቱን አሰገገ። ራዲዮ የሰማውን ሳያሰራጭ የማያድር የክፍላቸው ልጅ ነው። «ሻርኪቱ ሻርኩን ሸጠችው በሉኛ» አለ። «እኔ እንኳ ገምቼ ‹ሀ› ብያለሁ፤ ኤክስ ጠጣሁ።»

«አንተ አፍህን ዝጋ» አለችው ሻርኪቱ። እሱ ግን ዜናውን ይዞ ወደ ኳስ ሜዳው ሄዷል። ጭምቷም ሄዳለች።

ከትምህርት በኋላ ሻርኪቱ በቀጥታ እናቷ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባች። ቤቱ ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ያለች፣ ሁለት ማሽንና አንድ የመጠረዣ ጠረጴዛ ሲገቡባት ለሰው የማትተርፍ ክፍል ናት። የሻርኩ ታሪክ የተጀመረው እዚህ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ የኮሌጅ ተማሪ ስለ ባሕር እንስሳት የሚያወራ ወፍራም መጽሐፍ ኮፒ ይደረግልኝ ብሎ ትቶ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። እናቷ «ባለቤቱ ሲመጣ ይሰጠው» የሚል ብጣሽ ወረቀት ለጥፋበት መደርደሪያ ላይ አኖረችው። ባለቤቱ እስኪመጣ ሻርኪቱ መዝገበ ቃላት እያገላበጠች ሁለት ጊዜ ጨረሰችው። ነጩ ሻርክ መዋኘት ካቆመ መተንፈስ እንደማይችል፣ ጥርሱ በወለቀ ቁጥር ከኋላ ሌላ እንደሚተካለት፣ አጽሙ እንደ ሰው ጆሮ የሚተጣጠፍ እንጂ አጥንት እንዳልሆነ፣ ይህን ሁሉ የምታውቀው ከዚያ ነው።

ቦርሳዋን ወረወረች፣ መጽሐፉን አውርዳ ማሽኑ ላይ ገለበጠችውና ቁልፉን ተጫነች። ማሽኑ አጓራ፣ ወረቀት ነክሶ ቆመ። በመዳፏ መታችው።

«ማሽኑን አትደብድቢብኝ፤ እሱ ምንም አላደረገሽም» አለች እናቷ፣ ከመጠረዣው ቀና ሳትል። ጣቶቿ በቶነር ቀለም ጠቁረዋል። «ማነው ያናደደሽ?»

ሻርኪቱ ዘረገፈችው። መምህሩን፣ ጭምቷን፣ ራዲዮን፣ አንድም ሰው ሳይቀራት። «ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው ስለ ሻርክ ምን አግብቶት ያስተምራል?» ብላ ጨረሰች።

«አንቺስ አይተሻል?»

«እኔ አንብቤያለሁ።»

«እሺ። እሱ አላነበበም፣ ተሳስቶ ጻፈ። አንቺ አንብበሽ ምን ጻፍሽ?»

ሻርኪቱ ፊቷን ወደ ማሽኑ አዞረች። ዐይኗ ውስጥ እንባ ሞላ። ያለቀሰችው ግን አዝና አልነበረም፤ ንዴቱ መውጫ አጥቶባት ነው። «አንቺም ከነሱ ጋር ነሽ» አለች።

«እኔ ከማንም ጋር አይደለሁም የኔ ልጅ፤ መቶ ሃያ ገጽ እየጠረዝኩ ነኝ። የማሽኑን የጎን በር ክፈቺና ወረቀቱን ቀስ ብለሽ ሳቢው። ከቀደድሽው ማሽኑን አንቺው ነሽ የምትፈቺው።»

ወረቀቱን ቀስ ብላ ሳበችው። ከዚያ ስለ ነጩ ሻርክ የሚያወራውን ገጽ ኮፒ አደረገች። ራት ላይ እናቷን አኮረፈቻት። እናቷ ግድ አልሰጣትም፣ ይህ ደግሞ የባሰ አናደዳት።

በማግሥቱ ጠዋት መምህራን ክፍል ስትገባ የሳይንስ መምህሩ ብቻውን ሻይ ይጠጣ ነበር። ወረቀቱን ፊቱ አኖረችለት። አነበበው፣ ወደ ላይ ተመልሶ እንደገና አነበበው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ።

«ይወልዳል እኮ ግን» አለ።

«ይወልዳል። ወተት ግን የለውም፣ ቲቸር። የሚተነፍሰው ከአንገቱ ጎን ባለው ስንጥብ ነው። ልጆቹም እንደተወለዱ በራሳቸው ዋኝተው ይሄዳሉ፤ የሚያጠባቸው የለም።»

«ይሄን ያን ጊዜ ይዘሽልኝ ብትመጪ ምን ነበረበት?»

«አስቀመጡኝ እኮ።» ድምጿ ከፈለገችው በላይ ከፍ አለ። «ክፍሉ ሲስቅብኝ እርስዎም ሳቁ።»

መምህሩ ብርጭቆውን አሽከረከረው። ተቆጥቶ ሊያስወጣት እንደፈለገ ታወቃት፤ አልተቆጣም። የፈተናዎቹን ክምር ስቦ የጭምቷን ወረቀት አወጣ። «ጓደኛሽ አርባ አራት ናት። አንድ ማርክ እጨምርላታለሁ። ያንቺን አልነካውም። ሁለታችሁም ትሄዳላችሁ፣ ነገሩም እዚሁ ያልቃል። ይስማማሻል?»

ሻርኪቱ ያሰበችው ሊሰድባት፣ ሊያባርራት እንደሚችል ነበር። ለዚያ ተዘጋጅታ መጥታለች። ለዚህ ግን አልተዘጋጀችም። ጭምቷ ትሄዳለች፣ እሷም ትሄዳለች፣ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ መንጋጋውን አብረው ያያሉ። እሺ ልትል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«ሌሎቹስ?» አለች።

«የትኞቹ?»

«‹ሀ› ያሉት።»

ክምሩን በአውራ ጣቱ ገለጥ ገለጥ አደረገው። «ሌላ ስድስት ናቸው። የጠየቀኝ ግን የለም።»

«ደብተራችን ላይ ያለውስ? አጥቢ እንደተባለ ይቀራል?»

«ስሚኝ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ክፍል ውስጥ ካነሳሁት ሁሉም እንደገና ይታረማል። ያንቺም ይታረማል፤ አርባ አራት ትሆኛለሽ። ከዚያ በኋላ ላስገባሽ ብል እንኳ አልችልም። ያንን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው አስቢበት። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የኔ ነው፤ እስከዚያ ዝም ካልሽ ዝርዝሩን እንደነገርኩሽ አድርጌ አስገባዋለሁ።»

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነበር፤ ከሒሳቡ አንዲት ቁጥር አልሰማችም። ከሁሉ ያናደዳት የቀረበላት ነገር ጥሩ መሆኑ ነው። መጥፎ ቢሆን «አይሆንም» ብላ፣ በር ወርውራ ትወጣ ነበር። በመምህሩ ተናደደች፣ ማንም ሳይጠይቀው ስድስት ልጅ ሊረሳ ስለቻለ። በእናቷ ተናደደች፣ ያቺን አንዲት ጥያቄ ስለጠየቀቻት። በመንጋጋው ሳይቀር ተናደደች፣ ያን ያህል ሩቅ ስለተቀመጠ። ከሁሉም አልፎ ደግሞ ፈተናው ላይ የነበረችው ልጅ ላይ ተናደደች፤ ሦስት ዓመት ስለ ሻርክ አውርታ አውርታ፣ ስትጠየቅ «ለ» ብላ ያለፈችው ልጅ ላይ።

አጠገቧ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ጭምቷ ቦርሳዋን አንስታ ከኋላ፣ ከራዲዮ ጎን ተቀምጣለች። ከራዲዮ ጎን መቀመጥ በዚያ ክፍል ቅጣት ነው፤ እሷ ግን ፈቅዳ ሄደችበት።

ደወል ተደወለ። የሳይንስ መምህሩ የተማሪዎቹን ወረቀት በብብቱ ይዞ ገባ። ሰሌዳውን ጠረገና «ደብተር አውጡ፤ አዲስ ርዕስ ነው» አለ። «አእዋፍ» ብሎ ከጻፈ በኋላ ዞር ብሎ ሻርኪቱን አንድ ጊዜ አያት፣ ወዲያው ዐይኑን ሰበረ። ስልሳ አንድ ደብተር ሲገለጥ ተንሿሿ።

ሻርኪቱ ተነሥታ ቆመች። እጇን አላወጣችም። ንዴቷ እንዳለ ነው፤ ደግፎ ያቆማትም እሱ ነበር።

«ቲቸር፣ ቁጥር ዐሥራ ሰባት ላይ የኔ መልስ ስህተት ነው» አለች። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ኋላ ወንበሮች አዙራ ቀጠለች። «ስህተት መሆኑን እያወቅኩ ነው የጻፍኩት።»