ትርፍ ጣት

መምህሩ አውራ ጣቱን ምላሱ ላይ አሳረፈና አረጠበው። ወደ ወረቀቷ ሲያመጣው ከሰሌ ሳታስበው እጇን ዘርግታ ሥዕሉን ከለለች።

«ቲቸር፣ ጥላውን እኔው አለሰልሰዋለሁ።»

«ተነሺልኝ እስቲ አንድ ጊዜ» አለ፣ እንዳልሰማ ሆኖ።

ተነሳች። ሌላ ምን ታደርግ? መምህሩ በሞቀ ወንበሯ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠና ያንን እርጥብ ጣቱን ከከሰሉ ላይ ጎተተው። ሦስት እሑድ ሙሉ የለፋችበት ጥላ በምራቅ ተላቁጦ ጭቃ መሰለ። የሥዕል ክፍሉ እንደወትሮው የቆየ ሙጫና ለሳምንት ያልተደፋ የብሩሽ ውሃ ይሸታል፤ ዛሬ ግን የከረፋት ሽታው አይደለም። ያ ጣት ነው። ጠዋት ምን በልቶበት ይሆን? ስንት ልጅ ሥዕል ላይ ዞሮ ይሆን የመጣው?

ተማሪዎቹ መምህሩን «ማኅተም» ይሉታል፤ አውራ ጣቱ ያላረፈበት ሥዕል ከዚያ ክፍል ስለማይወጣ ነው። የዘጠነኛ ክፍልም ይሁን የአስራ አንደኛ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ፊቶች ሁሉ አንድ ዓይነት አፍንጫ አላቸው፣ የእሱን አፍንጫ። እሷን ደግሞ ከሰሌ ያሏት ጣቶቿ ከከሰል ጠርተው ስለማያውቁ ነው። በሳሙና ታሻቸዋለች፣ በጨው ታሻቸዋለች፣ ወይ ፍንክች።

ደወል ሲደወል ሒሳብ ክፍል መግባት ነበረባት። «ሂጂ ሂጂ፣ እኔ ትንሽ ነካ ነካ ላድርግልሽ» አላት መምህሩ ቀና ሳይል። እሷም «አመሰግናለሁ ቲቸር» ብላ ወጣች። ሒሳብ ክፍል ቁጭ ብላ ስታስበው የቆየችው ይህችኑ አመሰግናለሁ ነው። ማን አስገደዳት? አፏ እንዴት እሺ አላት?

ለምሳ ሲለቀቁ እየሮጠች ተመለሰች። ጓደኛዋ ፍላሽ በመስኮቱ በኩል የትምህርት ቤቱን ካሜራ ባለሦስት እግሩ ላይ እያሰረች ነበር። የፎቶግራፍ ክበቡ ሰብሳቢ ፍላሽ ናት፤ ለውድድር የተመረጡትን ሥዕሎች አንስታ ለሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ የምትልከውም እሷው። መላኪያው ልክ ስምንት ሰዓት ያበቃል። ያለፈ ልጅ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ እዚያ ይማራል፤ ያላለፈ እዚሁ ከማኅተም ጋር ይከርማል። ከሰሌ ለዚህ ስትል ነበር ሌላው ልጅ ሲጫወት ቤት ተዘግታ የከረመችው።

«እይው፣ አሪፍ ሆኗል» አለች ፍላሽ።

ከሰሌ አየችው። መጀመሪያ ምኑ እንደጎረበጣት አልገባትም። ጉልበት ላይ ያረፈ ግራ እጅ ነው፤ ደም ሥሩ አለ፣ የጥፍሩ ስንጥቅ አለ። ከዚያ ጣቶቹን ቆጠረቻቸው። አምስቱም ሙሉ ናቸው።

አባቷ ማተሚያ ቤት ወረቀት ቆራጭ ነው። እሷ የአራት ዓመት ልጅ እያለች መቁረጫ ማሽኑ የግራ እጁን የቀለበት ጣት ከመሀሉ ወስዶበታል። ሰው ስንት ጣት አለህ ያለው እንደሆነ «አራት ተኩል» ብሎ ይስቃል፤ ሰላም የሚለውም፣ ጠዋት በር ላይ ቆሞ የሚሸኛትም በዚያው እጁ ነው። ያችን ግማሽ ጣት ለመሣል ነበር ሦስቱ እሑድ ያለቁት። ጫፏ ላይ ቆዳው እንደ ከረጢት አፍ ተሰብስቦ የተቋጠረበትን ቦታ አስር ጊዜ ሣለች፣ አስር ጊዜ አጠፋች፣ በአስራ አንደኛው ተሳካላት። አሁን በዚያ ቦታ ለስላሳ፣ ቀጥ ያለ፣ ጥፍሩ የሚያብረቀርቅ ጣት በቅሏል። የማንም ሊሆን የሚችል ጣት ነው።

ላጲሷን አውጥታ ጥፍሩን ጫፉ ላይ ፈተገችው። ምራቅ የጠጣ ከሰል የሚለቅ አይደለም፤ ወረቀቱ ተንጨባረረ እንጂ ጣቱ እንዳለ ነው።

መምህሩ የምሳ ቦርሳውን ሊወስድ ብቅ አለ። «እ፣ እንዴት ነው?» አለ ደረቱን ነፍቶ። «አንድ ጣት ጎሎሽ ነበር፤ ሞላሁልሽ።»

«ጣቱ ግማሽ ነው እኮ ቲቸር። አባቴን ማሽን ቆርጦት ነው።»

ከሰሌ ፊቱን ስታይ ሊያፍር ነው ብላ ጠበቀች፤ ይቅርታ ቢል ይቅር ልትለው ተዘጋጅታ ነበር።

«እኔ ምን አውቄ» አለ ትከሻውን ሰብቆ። «ለነገሩ ተሻለ እንጂ አልባሰ። ዳኞቹ አባትሽን የት ያውቁታል? ጣት መሣል አቃታት ነው የሚሉት። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ ቆራጣ ጣት ለዓይን ይቀፋል። አምና ከዚህ ትምህርት ቤት ያለፈ የለም፤ ዘንድሮ አንቺን ነው የማሳልፈው። የውድድሩን ቅጽ ፈርሚና ለፍላሽ ስጫት» ብሎ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ።

ይቀፋል አለ። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ያንን ጣቱን ሲልስ የሚውል ሰው የአባቷን እጅ ይቀፋል አለ። ከሰሌ ወደ መስኮቱ ሄዳ አየር ሳበች።

«ተይው፣ ማኅተም እንደሆነ የታወቀ ነው» አለች ፍላሽ ቅጹን እያቀበለቻት። «ፈርሚና እንገላገል። ገብተሽ እዚያ የፈለግሽውን ትሥያለሽ።»

ቅጹ ከታች ሁለት መስመር አለው፤ አንዱ ለተማሪ፣ አንዱ ለወላጅ። ከመስመሮቹ በላይ «ይህ ሥራ የሌላ ሰው እጅ ያልገባበት የራሴ ሥራ መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይላል። ከሰሌ እስክሪብቶ አነሳች። ፍላሽ ውሸት አላወራችም፤ አንዴ ከገባች ማን ይጠይቃታል? እስክሪብቶውን መስመሩ ላይ እንዳሳረፈች በሩ ተንኳኳ።

አባቷ ነው። ቅጹን ሊፈርም ከሥራ አስፈቅዶ ነው የመጣው፤ ካፖርቱ ላይ የወረቀት ብናኝ እንዳለ ነው። ሦስት እሑድ ተቀምጦላት ሥዕሉን ግን አሳይታው አታውቅም፣ ሳያልቅ አይሆንም ብላ። እሱም ከሳምንት ጀምሮ ለማተሚያ ቤቱ ሰው ሁሉ «እጄ ውድድር ሊገባ ነው» ሲል ሰንብቷል።

«የታለች እጄ?» አለ እየሳቀ።

ከሰሌ ቀድማ ልትነግረው ፈልጋ ነበር፤ አልደረሰችበትም። አባቷ ወደ ሥዕሉ ጠጋ አለ። ሳቁ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየና ጠፋ። ከሚገባው በላይ ቆሞ አየ።

«ያምራል» አለ በመጨረሻ። «ጎበዝ። ድሮ እንዲህ ነበረች።»

«አባዬ፣ እኔ አይደለሁም...»

«ደግ አደረግሽ እኮ። ሰው የሚያየው ነገር ነው።» ይህን ብሎ ግራ እጁን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። «በይ የቱ ጋ ነው የምፈርመው?»

ቅጹን በአንድ እጁ ሊፈርም ሞከረ። ወረቀቱን የሚይዝለት እጅ ስላልነበረ ተንሸራተተበት፤ በክርኑ ተጫነውና እንደምንም ስሙን ጫረ። ከሰሌ አባቷ ያንን እጅ ሲደብቅ አይታ አታውቅም። በሰው ግፊያ መሀል እንኳ ከፍ አድርጎ የሚያውለበልበውን እጅ ነው። የደበቀው ደግሞ ከማኅተም አይደለም፣ ከእሷ ነው፤ ልጄ አፈረችብኝ ብሎ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ስትጸየፈው የዋለችው ነገር አሁን ከመምህሩ ላይ ተነስቶ እሷው ላይ አረፈ። ለካ እሷም ልትፈርም ነበር።

እስክሪብቶውን ከአባቷ ተቀብላ አስቀመጠች። የሥዕሉን መርፌዎች አንድ በአንድ ነቅላ አወረደችውና በፊቱ ደፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ንጹሕ ወረቀት አወጣች።

«አበድሽ እንዴ?» አለች ፍላሽ። «አርባ ደቂቃ ነው የቀረን።»

«አውቃለሁ።»

«ያንን የሚያክል አይወጣሽም።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

መምህሩ ምሳውን ጨርሶ ጥርሱን እየጎረጎረ ሲገባ ወረቀቱን ስትወጥር ደረሰ። ለአባቷ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠና ወደ እሷ ዞረ። «ምን ልታደርጊ ነው?»

«እንደገና ልሥል። ይቅርታ ያድርጉልኝና ቲቸር፣ ይሄንን ወረቀት እንዳይነኩብኝ።» ሁሉም ሰምቷል።

መምህሩ አንዴ አባቷን፣ አንዴ እሷን አየ። አውራ ጣቱ ወደ አፉ ሊሄድ ብሎ መንገድ ላይ ቀረ። «እንደፈለግሽ» አለ። «ብትወድቂ ግን እኔ የለሁበትም።»

«ቅጹም የሚለው እንደዚያው ነው» አለች ከሰሌ። ፍላሽ ካሜራዋ ላይ አቀርቅራ ሳቋን ዋጠች። መምህሩ አኩርፎ ወጣ።

ከሰሌ ወንበሩን ጠረገችና ለአባቷ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠችለት። ተቀመጠ፤ እጁ ግን ከኪሱ አልወጣም።

«አባዬ፣ አውጣው።»

«የቀኙ አይሻልም?»

«አይሻልም።»

አባቷ ትንሽ አመነታ። ከዚያ ግራ እጁን አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አሳረፈው፤ ጣቶቹን ዘረጋቸው።

«ይደርሳል ግን?»

«እንጃ። ዝም ብለህ ተቀመጥልኝ» አለች፤ ከሰሉን አነሳችና ከግማሿ ጣት ጀመረች።