አምቢኮ ነው የተባለው ልጅ

«ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ አለዎት?» ሠርካለም ታብሌቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠየቀች።

«አለ፤ ግን እዚህ የለም። አምቢኮ ነው፣ እናቴ መንደር» አለች ፍቅርአዲስ።

ደጃፉ ላይ የቆመችው ማርያማዊት ክው አለች። እናቷ ዓይኗን በጨው አጥባ ስትዋሽ አይታ አታውቅም። የሁለት ዓመት ወንድሟ ቃለ አብ እንኳን አምቢኮ ሊሄድ፣ ከመጋረጃው ወዲህም ከወጣ ሰንብቷል። ጓዳ ቁርበት ላይ ተኝቷል። ማልቀስ ትቷል እንጂ ይኼኔ ባጋለጣት ነበር።

ሠርካለም ከጎንደር የመጣች የጥናት ሠራተኛ ናት። ከዳባት ወዲህ ባሉት መንደሮች እየዞረች የሕፃናትን ክንድ ባለ ቀለም መለኪያ ትለካለች፤ ትናንት ምን እንደበሉም ትጠይቃለች። ከእሷ በፊት ሌሎች መጥተው ነበር። ያኔ የመንደሩ እናቶች አንዷ ከሌላዋ ላለማነስ ወተቱን፣ እንቁላሉን፣ ቅቤውን ደረደሩላቸው። በእንግዳ ፊት ልጄ ተራበ የሚል ማን አለ? ኩራት ራቱ የሆነ መንደር! ከዚያ በኋላ ለከሱ ሕፃናት የሚታደለው ምግብ ተራቡ ወደተባሉ ሌሎች መንደሮች ሄደ ተባለ፤ እነሱ ጠግበዋላ።

ፍቅርአዲስ ደግሞ የቄስ ሚስት ናት። ዐቢይ ጾም ከገባ ወዲህ በቤቱ ያለችውን አንዲት ድስት ፍስክ አላስነካቻትም። ዶሮዎቹ ይጥላሉ፤ እንቁላሉ ገብስ ውስጥ ተቀብሮ ፋሲካን ይጠብቃል። ማርያማዊት ትምህርት ቤት የሰማችውን ይዛ ለልጁ አንድ እንኳ እንቀቅልለት ብትላት፣ በየትኛው ድስት አለቻት። አባቷ ቄስ ተክለ ማርያም ራሳቸው ሕፃን አይጾምም ብለው ነበር። እናቷ ግን የእሳቸውን ምግብ ከዚያ ወዲያ በምን ልሠራ ነው ብላ ፈራች። ቃለ አብም ቤተሰቡ የሚበላውን ሽሮ ሲበላ ከረመ፤ ኋላ እሱንም ተወ። እግሩ ሲያብጥ እናቱ የሰው ዓይን ነው ብላ ደበቀችው። ለራሷ እህል አልዋጥላት ብሎ ሌሊቱን ስታለቅስ ታድራለች። አለመውደድ አይደለም፣ እግዜር ያውቃል።

ሠርካለም አመስግና ወጣች። ማርያማዊት ብትናገር እናቷ የመንደር መሳለቂያ ትሆናለች፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሴቶቹ ይንሾካሾኩባታል። ዝም ብትል ደግሞ ልጁ አይተርፍም።

«እማዬ፣ ይሞትብናል እኮ» አለች ቀስ ብላ።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለች ፍቅርአዲስ። ዓይኗ ግን መጋረጃው ላይ ነው።

ማርያማዊት መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ወንድሟን ስታነሣው እንደ ባዶ ቅል ቀለላት። አቅፋው ወጣችና አጥሩ ጋ ስትደርስ ተጣራች፦

«እትዬ ሠርካለም! አንድ ልጅ ቀርቷል።»

ሠርካለም ተመልሳ አብራት ቤት ገባች። ያበጠ እግሩን በአውራ ጣቷ ጫን ስታደርገው እንደተሰረጎደ ቀረ። መለኪያው ቀዩ፣ የከፋው ላይ ቆመ። አልተቆጣችም፤ ዛሬውኑ ደባርቅ ሆስፒታል ገብቶ መተኛት አለበት፣ መዘግየቱንም አልደብቃችሁም አለች። ከዚያ ወደ እናቲቱ ዞረች።

«ትናንት ምን በላ?»

«ወተት…» ብላ ጀመረች ፍቅርአዲስ፤ አልጨረሰችውም።

«ምንም» አለች ማርያማዊት። «ከትናንት ወዲያም ምንም።»

ፍቅርአዲስ መደቡ ላይ ቁጭ አለች። ማርያማዊት አንቀልባውን ራሷ አውርዳ ወንድሟን አዘለችውና ከሠርካለም ጋር የደባርቅን መንገድ ያዘች። እናቷ ተነሥታ ትከተላት እንደሆነ ዞር ብላ አላየችም።