ነርሷ የማን ልጅ ናት?

ፊልሞን የቤት ሠራተኛ ይወዳል፤ ከሞተች መቶ ዓመት ካለፋት።

የተዋወቅነው ሚነርቫ ፓርክ በሚባለው የፈረንጆች ሰፈር፣ ተቀጥሬ ከምንከባከባት አሮጊት ቤት ደጃፍ ነው። የመኪናው ባትሪ አልቆበት ኮፈኑን ከፍቶ አፍጥጦ ቆሟል፤ ኬብሌን አውጥቼ አስነሳሁለት። ሳልጠይቀው ሙያውን ነገረኝ። ዶክትሬቱን የሚሠራው በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ገና በልጅነታቸው ሰው ቤት ተቀጥረው፣ ሲያረጁ የሕይወት ታሪካቸውን በጻፉ የእንግሊዝ ገረዶች ላይ ነው።

ከዚያ ወዲያ የምሳ ሰዓቴን እየጠበቀ ይመጣና መኪና ውስጥ ያነብልኝ ጀመር። አንዷ ልጅ ከሰል ተሸክማ አራት ፎቅ ትወጣ ነበር። እመቤቷ ደግሞ ስምሽ ለገረድ ይበዛል ብላ «ሜሪ» አለቻት። ከእሷ በፊት የነበረችውም ሜሪ ነበረች። እዚህ ጋ ሲደርስ ፊልሞን ዓይኑ እንባ ያቀርራል። እኔ ሞኟ በረኪና የበላው እጄን እጁ ውስጥ ትቼ አየዋለሁ። ወደድኩት። እንደዚያ ወድጄ አላውቅም።

በተዋወቅን በስምንተኛው ወር ሽማግሌ ላከ። እሑድ ከቸርች መልስ ጋሽ ገብረየስ ሁለት ሰው አስከትለው ቤታችን መጡ። ፊልሞን እንደ ደንቡ አልገባም፣ ውጭ መኪናው ውስጥ ቀረ። ጋሽ ገብረየስ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም አሉና ነርሷን ልጅዎን ለልጃችን ለፊልሞን ይስጡን ብለው ጠየቁ።

አባቴ ቀልድ የማያውቅ ሰው ነው።

«እኔ ያለችኝ አንድ ልጅ ናት» አለ። «እሷም አሮጊት ታጥባለች፣ ዳይፐር ትቀይራለች። ነርሷ የማን ልጅ ናት?»

ጋሽ ገብረየስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የፊልሞን እናት ነርስ ናት እንዳሏቸው፣ እናትየውም የሰሙት ከልጃቸው አፍ መሆኑን ተናገሩ።

ወጣሁ። ፊልሞን መስኮቱን አውርዶ ፊቴን ሲያይ ገባው።

«ለእማዬ ብዬ ነው፣ ማህደር። በኋላ ነርሲንግ ስኩል አፕላይ ታደርጊያለሽ ብዬ...»

«አደርጋለሁ ብዬህ አውቃለሁ?»

«ኖ፣ ባት ሰው ያወራል። ታውቂያቸው የለ?»

«ያቺ እመቤት ልጅቷን ሜሪ አለቻት። አንተ እኔን ነርስ አልከኝ።»

«ኢትስ ናት ዘ ሴም። እኔ እወድሻለሁ፣ ማህዲ።»

እንደሚወደኝ አውቃለሁ። የባሰ ያስጠላኝም እሱ ነው። የመኪናውን በር ከፈትኩለት።

«እንግዲያው ግባ። እነሱ ፊት ቆመህ፣ የምወዳት ልጅ አሮጊት ታጥባለች በል። ዛሬውኑ እሺ እልሃለሁ።»

ቤታችንን አየ። መሪውን አየ። ለማያውቃት ገረድ ስም የሚያለቅስ ሰው ለእኔ አንድ ዓረፍተ ነገር አጠረው።

«መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ይሂዱ» አለኝ።

ተመልሼ ስገባ ሦስቱም እንደቆሙ ናቸው። አባቴ ምን ልመልስላቸው በሚል ዓይን አየኝ፤ መልሱን ከፊቴ ላይ አነበበው።

«ቤት ተሳስታችኋል» ብሎ በአክብሮት እስከ ደጅ ሸኛቸው።

አሁን ፊልሞን ዶክተር ነው። ዳውንታውን ስለ ገረዶቹ ንግግር ሲያደርግ ሴቶቹ መሐረብ ያወጣሉ አሉ። ያልቅሱለት። ያን ቀን ከመኪናው ወርዶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ደስ ብሎኝ ሚስቱ ነበርኩ፤ እኔን የሚያበግነኝ ይኸው ነው።