የእማዬ እጅ

ከዚህ ታሪክ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ ምላሴ ይቆረጥ! ከብርጭቆ እናት የእጅ ጽሕፈት የሚያምር ጽሕፈት ፀሐይ ሞቆ አያውቅም። እያንዳንዱ ፊደል እንደ ሐር ክር ተጣጥፎ ከጎረቤቱ ጋር ይያያዛል፤ ቁጣ እንኳ ቢጻፍበት እሹሩሩ ይመስላል።

ብርጭቆ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። መነጽሯ ከፊቷ ስለሚሰፋ ነው እንዲህ የሚጠሯት። እናቷ ስድስት ዓመት በሌላ ከተማ ልብስ ፋብሪካ ስትሠራ፣ ልጅቷ ያደገችው ከአባቷ ወንድም ጋር፣ ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ነው። እናቷ የላከችላትን አርባ አንድ ደብዳቤ ስካን አድርጋ፣ እድፉን አጥፍታ፣ ፊደል በፊደል ለቅማ የኮምፒውተር ፎንት ሠራች። ስሙንም «የእማዬ እጅ» አለችው። ከዚያ ወዲያማ ያለ እሱ ያገባ ሰው የት አለ! ሠላሳ ሺህ የሰርግ ጥሪ ታትሞበታል። አንዱ ሙሽራ ሙሽሪትን ትቶ የጥሪ ወረቀቱን ሲያይ ነው የዋለው።

እናቷ ግን አንዱንም ሳታይ ሞተች። ዛሬ ድንጋይ ጠራቢው መጥቶ ለመቃብሯ ድንጋይ የተዘጋጀውን ፋይል ይወስዳል። የሚቀረጸው ደብዳቤዎቿ ሁሉ የሚያበቁበት ቃል ነው፦ «አለሁልሽ»። በራሷ እጅ።

በፋብሪካው ከተማ ከእናቷ ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ የኖረችው ሴትዮ፣ የሟቿን ሹራብ በፌስታል ይዛ ገባች።

«ነይ ጉድ እይ!» አላት አጎትየው፣ ኮምፒውተሩን እያሳየ። «ከአሥር ዓመት በኋላ አገር ምድሩ በዚህ ነው የሚጽፈው!»

«አጎቴ፣ አታጋንን!» አለች ብርጭቆ።

ሴትዮዋ አልሳቀችም። አጎትየው ወንበር ሊያመጣ ሲወጣ ቀስ ብላ፣ «የኔ ልጅ፣ ይሄ የእናትሽ እጅ አይደለም» አለች።

«ምን ማለትዎ ነው፣ እትዬ?»

«የኔ ነው። እሷ ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ፊደል አልቆጠረችም። ‹ልጄ እንዳትሰማ፣ ታፍርብኛለች› ብላ አስምላኝ ነበር። እስከ ዛሬ ዝም አልኩ። ድንጋይ ላይ ሲሆን ግን... አልቻልኩም።»

ብርጭቆ ደብዳቤዎቹ ወዳሉበት ቆርቆሮ ሣጥን ዞረች። «ከአርባ አንዱ ውስጥ የሷ ምንም የለም?»

«አለ እንጂ! ጽፌ ስጨርስ እስኪብርቶውን ትቀማኝና ከግርጌ አንዲት ጠማማ ጭረት ታደርጋለች። ‹ይቺ የኔ ናት› ትላለች።»

ብርጭቆ ያቺን ጭረት ታውቃታለች። እድፍ መስላት አርባ አንድ ጊዜ አጥፍታታለች።

«ፋይሉ ደረሰ?» አለ ድንጋይ ጠራቢው ከበሩ።

«ትንሽ ይታገሡኝ።»

የመጨረሻዋን ደብዳቤ ከቆርቆሮ ሣጥኑ አውጥታ ስካነሩ ላይ በፊቷ ደፋቻት። ሹራቡ ጉልበቷ ላይ ነበር። «አለሁልሽ» የሚለውን አልነካችውም፤ ከሥሩ ጭረቷን አስገባች።

ጠራቢው በትከሻዋ በኩል አጮልቆ አየ። «ይቺ እድፍ ትጥፋ አይደል?»

«አትጥፋ» አለች።